በአፍ የሚገባ ሥልጣን

አንድ ታዳጊ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሟል። አሥር ወር ሙሉ እዚያው ዳርቻ ላይ የተጣለ ቆሻሻ ሲጎትትና ሲሸከም ከርሞ አጽድቶታል። ከፊቱ የአገሩ ቁጥር አንድ ጀግና አለ፤ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምስሉን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያደገለት ሰው። ጀግናው ከራሱ ላይ አንድ ዘለላ ፀጉር ነቅሎ ዘረጋለትና ብላው አለው። ልጁ ግራ ገባው። ፀጉር ይበላል እንዴ? በመጨረሻ ግን በላው።

ሌላ ልጅ ደግሞ ጫካ ውስጥ ነው። አባቱ እያለቀሰ መርፌ ወጋው። ልጁ ወደ ግዙፍ ፍጡር ተለወጠና አባቱን በላው። ሲነቃ ምን እንዳደረገ አያውቅም።

ሦስተኛው ልጅ መጠጥ ቤት ተቀምጧል። ሣጥን ውስጥ ያገኘውን ፍሬ ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ፍራፍሬ መስሎት ቀረጠፈው። ጣዕሙ መጥፎ ነበር። ልጁ ግን ከዚያች ቀን በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ለዕድሜ ልኩም መዋኘት የማይችል ሆነ።

ሦስቱም የጃፓን ማንጋዎች ናቸው። የመጀመሪያው የኮሄይ ሆሪኮሺ «ማይ ሂሮ አካዳሚያ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀምሮ በ2024 አለቀ። ሁለተኛው የሐጂሜ ኢሳያማ «አታክ ኦን ታይታን» ነው፤ ከ2009 እስከ 2021 ታተመ። ሦስተኛው ኤይቺሮ ኦዳ በ1997 የጀመረው «ዋን ፒስ» ነው። ብዙ ወላጅ ልጁ በስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያየውን ካርቱን «የሕፃን ነገር» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን እነዚህ ሦስት ታሪኮች የሚያነሡት ጥያቄ የማንኛውም አገር ዜና ዋና ጥያቄ ነው፤ ኃይል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያልፈው በምን መንገድ ነው? (ታሪኮቹን ጀምሮ ያልጨረሰ ካለ ይወቀው፤ ከዚህ በታች መጨረሻቸው ይነገራል።)

ሦስቱም ላይ ኃይል የሚገባው በአፍ ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ምንም አያስገርምም። በአማርኛ ጉልት ይበላል፤ ጉቦ ይበላል፤ በጀት ይበላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው የለም። ተረቱ ስለሚበላው ሰው ብቻ ይናገራል። ምን እንደተበላ፣ ማን እንደተበላ፣ የበላውስ ሰው በኋላ ምን እንደሆነ አይነግርም። የጃፓኖቹ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የበላውን የሚበላ

በኢሳያማ ታሪክ ውስጥ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ዩሚር የምትባል አንዲት ባሪያ ልጅ ግዙፍ አካል የመልበስ ኃይል አገኘች። ጌታዋ ንጉሡ ነፃ አላወጣትም። በኃይሏ መንገድና ድልድይ አሠራ፣ ጠላቶቹን ደመሰሰ፣ ከእሷም ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደ። በመጨረሻ በእሱ ላይ የተወረወረ ጦር በገላዋ ተቀብላ ወደቀች። ንጉሡ ለሐዘን አልተቀመጠም። ኃይሉ ከእሷ ጋር እንዳይቀበር ፈራ። የእናታቸውን ሥጋ ለሦስቱ ልጆች አበላ፤ እነሱም ሲሞቱ ልጆቻቸው እንዲበሏቸው አዘዘ። የዚያ ግዛት የውርስ ሕግ የተጀመረው በዚህ ማዕድ ነው።

ኃይሉ በዘመን ብዛት ዘጠኝ ቦታ ተከፈለ። ሕጉ ግን ያው ነው፤ መውረስ የፈለገ ባለቤቱን መብላት አለበት። የወረሰም ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚኖረው 13 ዓመት ብቻ ነው፤ ዩሚር ኃይሉን ይዛ የኖረችው 13 ዓመት ነበርና። ባለቤቱ ሳይበላ ቢሞት ኃይሉ ከዘሩ በሚወለድ በአንድ ሕፃን ላይ ያድራል፤ የትኛው ሕፃን እንደሆነ ማንም አያውቅም። መንግሥት ደግሞ እንዲህ ያለ ዕጣ አይወድም። ስለዚህ ወራሹን አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ማርሌይ የምትባለው ኃያል አገር ከዘጠኙ ሰባቱን ይዛለች። ኃይሉን ሊሸከም የሚችለው ግን እሷ የምትንቀው የኤልዲያ ዘር ብቻ ነው። እነዚህን ሰዎች በታጠረ ሰፈር አጉራ፣ ክንዳቸው ላይ መለያ አስራ ታኖራቸዋለች። ከልጆቻቸው መካከል ደግሞ ተዋጊ ትመለምላለች። የተመረጠው ልጅ ቤተሰብ «የክብር ማርሌያዊ» ይባላል፤ ከሌላው የተሻለ ኑሮ ይፈቀድለታል። የዚህ ሁሉ ዋጋ የልጁ ዕድሜ ነው።

ራይነር ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነው። እናቱ ኤልዲያዊት፣ አባቱ ማርሌያዊ በመሆናቸው አብረው መኖር አይችሉም። ልጁ ተዋጊ ከሆንኩ ቤታችን ይሰበሰባል ብሎ አመነ። ለፋ፣ ተመረጠ፣ አባቱንም ፈልጎ አገኘው። አባቱ ግን ልትበቀለኝ ነው የመጣኸው ብሎ ጮኸበት። ለቤተሰብ ብሎ የሸጠው ዕድሜ ተመላሽ የለውም፤ ቆጠራው ተጀምሯል።

ዓመታት አለፉ። ራይነር ሊሞት ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረውም። አዳዲስ ልጆች እሱን ለመውረስ፣ በግልጽ አነጋገር እሱን ለመብላት፣ ይወዳደራሉ። ቀዳሚዋ የገዛ ዘመዱ ጋቢ ናት፤ ክብር መስሏት በሙሉ ልቧ ትሮጣለች። ፋልኮ የሚባል ልጅ ይፎካከራታል። ፋልኮ ሥልጣኑ አላጓጓውም። ጋቢን ይወዳታል፤ እሷ ዕድሜዋን እንድትኖር በእሷ ፋንታ እሱ ሊሞት ነው የሚወዳደረው። አንድ ሥርዓት ምን ያህል እንደተበላሸ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ያለ አይመስልም። በውስጡ ያለ ደግ ልጅ ደግነቱን የሚያሳይበት ብቸኛው መንገድ ለመበላት ወረፋ መያዝ ሆኗል።

ሌላው የዚህ ውርስ ጠባይ ከዕድሜው ማጠርም ይብሳል። ከኃይሉ ጋር የቀደሙት ባለቤቶች ትዝታ አብሮ ይተላለፋል። በግንብ በተከበበችው ደሴት ከዘጠኙ ኃይሎች ትልቁ በንጉሣዊው ቤተሰብ እጅ ነበር። ግንቡን ያቆመው ንጉሥ ዳግመኛ ላለመዋጋት ምሎ፣ መሐላውን በኃይሉ ላይ አትሞበታል። ከዘሩ ኃይሉን የበላ ሁሉ በዚያ መሐላ ይታሰራል። ሮድና ዩሪ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በልጅነታቸው አባታቸውን ይለምኑት ነበር፤ ኃይሉ በእጅህ ነው፣ ሕዝቡን ከሚበሉት ግዙፎች አድነው ይሉታል። አባትየው እምቢ አለ። ቀን ደረሰና ዩሪ አባቱን በልቶ ወረሰ። ሮድ አሁንማ ሕዝቡ ዳነ ብሎ ጠበቀ። ዩሪ የሰጠው መልስ ያው የአባቱ መልስ ሆነ።

ይህን ገጽ ለመረዳት ጃፓንኛም ማንጋም ማወቅ አያስፈልግም። ትናንት ከደጅ ሆኖ «ይህ ለምን አይስተካከልም?» ሲል የነበረ ሰው ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ማግስት የቀዳሚውን ንግግር በቀዳሚው ድምፅ ሲደግም ያላየ የለም። ሰዎች «ተለወጠ» ይላሉ። የኢሳያማ መልስ ከዚህ የከፋ ነው፤ ዩሪ በላሁ ሲል እሱ ራሱ ተበልቷል።

የተረፈውን የበሉ

የኦዳው «ዋን ፒስ» ሌላ ሕግ አለው። የሰይጣን ፍሬ የሚባሉ ፍሬዎች አሉ። አንዱን የበላ እሳት ይሆናል፣ ሌላውን የበላ ምድር ያንቀጠቅጣል። በልዋጩ መዋኘት ያቅተዋል፤ የዓለሙ አብዛኛው ክፍል ደግሞ ባሕር ነው። ሁለተኛ ፍሬ የሞከረ ይሞታል። ባለቤቱ ሲሞት ኃይሉ በሆነ ቦታ በሌላ ፍሬ ውስጥ ዳግም ይበቅላል።

ለመስማት ፍትሐዊ ይመስላል። ዘር አይጠይቅ፣ ዘመድ አይጠይቅ። ያገኘ ይበላል። ችግሩ፣ ኃይል የፈለገ ሰው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ዕድሉን አይጠብቅም። ማርሻል ዲ. ቲች ወይም ብላክቢርድ የሚባለው ሰው በአንድ መርከብ ላይ ለብዙ ዓመት ዝቅ ብሎ ያገለገለው አንድ የተለየ ፍሬ ሲጠባበቅ ነው። በመርከቡ ደንብ ፍሬ የሚበላው ያገኘው ሰው ነው። ፍሬውን ያገኘው ጓደኛው ሆነ። ቲች ገደለውና ወስዶ በላ። ቆየት ብሎም ካፒቴኑ የነበረው ኋይትቢርድ በጦርነት ሲሞት ኃይሉን ከሬሳው ወሰደ፤ ሁለት ኃይል በአንድ ገላ ሊኖር አይችልም የተባለውም በእሱ ላይ ሳይሠራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ባለ ኃይሎችን እያደኑ ይገድላሉ። ፍሬ ፍለጋ የተጀመረው ነገር ሰው አደን ሆኖ አረፈ።

ለገበያም ቀርቧል። ኤስ የሚባለው ወጣት በጦርነት ከተገደለ በኋላ የእሳት ኃይሉ ዳግም በፍሬ በቀለ። ያንን ፍሬ አንድ ንጉሥ በእጁ አስገብቶ በስታዲየም ለሚካሄድ የትግል ውድድር ሽልማት አደረገው። የሟቹ ወንድም ሉፊ፣ የወንድሜን ኃይል ሌላ ሰው አይበላውም ብሎ ስሙን ለውጦ ገባ። በስተመጨረሻ አሸንፎ የበላው ሞቷል ተብሎ የነበረው ሌላው የቃል ኪዳን ወንድማቸው ሳቦ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ እፎይ ይላል። ነገሩን ሲያስበው ግን የሟች ወንድም መታሰቢያ ትኬት በሚቆረጥበት ሜዳ ላይ ለሕዝብ መዝናኛ ቀርቦ ነበር።

ያም አልበቃ ብሎ ፍሬው በፋብሪካ መመረት ጀመረ። «ስማይል» ይሉታል፤ ፈገግታ ማለት ነው። ገዢው ካይዶ የሚባል የጦር አለቃ ነው፤ ኃይል ያለው ሠራዊት ማቆም ይፈልጋል። ከፍሬዎቹ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው። ያልሠራውን የበላ ሰው ኃይል አያገኝም፤ መዋኘት ግን ያቅተዋል። በዚያ ላይ ሐዘኑንና ቁጣውን የሚያሳይበት ፊት ያጣል። ሁልጊዜ ይስቃል።

ዋኖ በምትባለው አገር ኤቢሱ የሚባል የድሆች መንደር አለ። ተነክሰው የተጣሉት የከሸፉ ፍሬዎች ወደዚያ ተላኩ። የተራበ ሰው ፍሬ ሲያገኝ አይመረምርም፤ መንደሩ በላ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ሲስቅ ይውላል። የሚወዱት ያሱኢዬ በአደባባይ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ በጥይት ሲገደል የመንደሩ ሰዎች ሳቁ። ትንሿ ልጁ ቶኮ እንባዋ እየወረደ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ምክንያቱን የማያውቅ ተመልካች እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት አረመኔ ናቸው ይላል።

ስለ ሥልጣን ሽግግር ሲወራ ስለ ሁለት ሰው ነው የሚወራው፤ ስለ ሰጪው ወይም ስለ ተነጣቂው፣ ደግሞም ስለ ተቀባዩ። ኤቢሱ መንደር ሦስተኛውን ሰው ያስታውሳል። በትልልቆቹ ማዕድ ዙሪያ የወደቀውን የሚለቅም፣ ከበላው ያልጠቀመው፣ ከዚያም በላይ የሚያለቅስበት ፊት የተወሰደበት ሰው አለ። በቴሌቪዥን ሲታይ ደስተኛ ይመስላል፤ ሲያጨበጭብም ይታያል።

የተሰጠ ፀጉር

ወደ ባሕር ዳርቻው ልጅ እንመለስ። ሚዶሪያ ይባላል። በሆሪኮሺ ዓለም ከአሥር ሰዎች ስምንቱ ልዩ ችሎታ ይዘው ይወለዳሉ፤ እሱ ከቀሩት ነው። የበላው ፀጉር የተሸከመው ኃይል «ዋን ፎር ኦል» ይባላል፤ አንዱ ለሁሉም እንደማለት ነው።

የኃይሉ ጅማሬ ከሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቁ የሰውን ችሎታ በእጁ ነክቶ መንጠቅና ለፈለገው መስጠት ይችላል። ስሙም «ኦል ፎር ዋን» ነው፤ ሁሉም ለአንዱ። ደካማ ታናሽ ወንድሙን በእጁ ለማስገባት በግድ አንድ ችሎታ ጫነበት። ታናሹ ግን ማንም ያላወቀው ችሎታ ነበረው። የራሱን ለሌላ ማስተላለፍ ብቻ የሚችል፣ በብቻው ለምንም የማይጠቅም ችሎታ ነው። ሁለቱ ተዋሐዱና ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ የሚያድግ ኃይል ሆኑ። ታናሹ ለሁለተኛው ሰጠ፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ እያለ ስምንተኛው ጀግናው ኦል ማይት፣ ዘጠነኛው ሚዶሪያ ሆኑ። ሕጉ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ወዶ ካልሰጠ ማንም ሊነጥቀው አይችልም።

እዚህም ይበላል፤ ልዩነቱ ግን ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሰጪው አይገደልም። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ይዘጋጃል። እነዚያ አሥር ወራት የባሕር ዳርቻ ጽዳት ለዚህ ነበሩ፤ ያልጠነከረ ገላ ኃይሉን ቢቀበል ይበጣጠሳል። ያን ሁሉ ለፍቶም ሚዶሪያ ኃይሉን መጀመሪያ ሲጠቀም ክንዱና ሁለት እግሮቹ ተሰባብረዋል። ሦስተኛ፣ ሰጪው በእርግጥ ይሰጣል። ኦል ማይት ከዚያች ቀን በኋላ የቀረው ፍም ብቻ ነው። የመጨረሻዋን ፍም በጠላቱ ላይ አቃጥሎ፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየው ከሲታና ጎባጣ ሰው ሆነ። ቢሆንም አልሸሸም፤ ልጁ አጠገብ አስተማሪ ሆኖ ቀረ።

ታላቁ ወንድምስ? እሱም አርጅቷል፣ እሱም ወራሽ ይፈልጋል። ሺጋራኪ የሚባል፣ ቤተሰቡን ያጣ ሕፃን ከመንገድ አንሥቶ አሳደገ። የጥላቻ ምክር እየመገበ ንጉሥ ትሆናለህ አለው። ልጁም ጌታዬ ያመነብኝ ወራሽ ነኝ ብሎ ኖረ። የሽማግሌው ሐሳብ ግን በልጁ ገላ ውስጥ ገብቶ ራሱ መቀጠል ነበር። ያሳደገው ለራሱ የሚለብሰውን ልብስ ነው። ብዙ «የሥልጣን ሽግግር» የሚባል ነገር ሲገለጥ ይህ ሆኖ ይገኛል፤ አዲስ ፊት፣ ወጣት ድምፅ፣ ከውስጥ ግን የሚናገረው ያው ሽማግሌ።

የታሪኩ መጨረሻ አድናቂዎችን አከራክሯል። ሚዶሪያ ጠላቱን የረታው ኃይሉን በእጁ አጥብቆ ይዞ አይደለም፤ በሺጋራኪ ውስጥ ያለውን ለመስበር ያንን ለትውልዶች ሲተላለፍ የመጣ ኃይል ለእሱ አሳልፎ ሰጠው። ኃይሉም በዚያው አለቀ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሚዶሪያ በተማረበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ልፋት ለአስተማሪነት?» ብሎ ተናደደ። ንዴቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት አማርኛ በማይናገርም ሰው ሆድ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ከአፍ የሚወጣው

ኢትዮጵያ ውስጥ ኃይል በአፍ የሚተላለፍበት ሌላ መንገድ አለ፤ የሚወጣበት። መድኃኒት አዋቂው ሥሩንና ቅጠሉን ለመረጠው ልጅ በጆሮው ይነግረዋል። ብዙ ጊዜ ግን ነገ ነገ ሲል፣ ከተናገርኩ ኃይሉ ከእኔ ይሸሻል ሲል፣ ዕውቀቱን ይዞ ይቀበራል። አጠገቡ ደግሞ የሚመርቅ ሽማግሌ አለ። እንትፍ እንትፍ ብሎ ይመርቃል፤ አሥር ሰው መርቆ ለአሥራ አንደኛው አያልቅበትም። በአንድ መንደር ሁለቱም ዓይነት ሰው ይኖራል። አንዱ ያለውን ሰጥቼ እጎድላለሁ ብሎ ይፈራል፤ ሌላው የሰጠው ተመልሶ እንደሚያድግ ያውቃል።

የዜና ተከታታይ ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ማን መጣ?» ብሎ ነው። እነዚህ ሦስት ታሪኮች ሌላ ጥያቄዎች ያስጨብጡታል። የቀድሞው ባለቤት በሕይወት አለ? ተቀባዩ ከመቀበሉ በፊት የትኛውን ዳርቻ አጸዳ? ከማዕዱ ሥር የወደቀውን ማን በላ፣ አሁንስ ለምን ይስቃል? መልሱ ካማረ ስሙ ማንም ይሁን ተስፋ አለ። መልሱ ካላማረ የሰውየው ደግነት ብዙም አይረዳም፤ ፋልኮም ደግ ልጅ ነበር።

አራተኛ ጥያቄም አለ፤ አልበላም ማለት ይቻላል ወይ? ወደ ኢሳያማ ደሴት እንመለስ። ከምድር በታች ባለ ቤተ ጸሎት ውስጥ የሮድ ልጅ ሂስቶሪያ ቆማለች። አባቷ መርፌ አስጨብጧታል፤ ከፊቷ ኃይሉን የተሸከመው ልጅ ኤረን በሰንሰለት ታስሯል። ወግታ፣ ተለውጣ፣ በልታው የዘሯን ኃይል እንድትመልስ ነው የሚጠበቀው። አባቷ ይህ የአምላክ ሥራ ነው ይላታል። የታሰረው ልጅም ብይኝ ይላታል። ለአንዲት በአባቷ ስትካድ ላደገች ልጅ በመጨረሻ የምትፈለግበት ቦታ ተገኝቶላታል።

ሂስቶሪያ መርፌውን ወለሉ ላይ ከስክሳ የታሰረውን ልጅ ልትፈታ ሄደች። አባቷ ግን ጎንበስ ብሎ ድንጋዩ ላይ የፈሰሰውን በምላሱ ላሰው።